ምንጭ የሌላቸው ሦስት ሰዓታት

በአክብሮት «ባምቦ» የሚባሉት ዊልፍሬድ ካቾምባ በንባብ ቤቱ ሲሚንቶ ላይ በጎናቸው ተጋድመው፣ አንድ እጃቸውን ጉንጫቸው ሥር ከተው፣ የቀን እንቅልፍ የጣላቸው መስለው ተገኙ። አጠገባቸው የእንጨት መሰላል ወድቋል። ከማጅራታቸው የፈሰሰው ደም ደርቆ ጠቁሯል።

ኢንስፔክተር ቲዮንጌ ንያሱሉ ስትደርስ ከተራራው የወረደው ቺፔሮኒ የሚሉት ጉም የንባብ ቤቱን ደረጃ ውጦት ነበር። ሰኔ በዞምባ እንዲህ ነው። ጭጋጉና ካፊያው አንዴ ከወረዱ፣ ሰው የገዛ አጥሩን እየዳበሰ ነው የሚገባው።

«ወድቀው ነው» አለ ሳጅን ጋንዛኒ፣ የረጠበ ኮፍያውን በጉልበቱ እያራገፈ። «በስልሳ አራት ዓመታቸው መሰላል ላይ ምን አወጣቸው? የኔ አባት በዚህ ዕድሜ አልጋው ላይ ለመውጣት እንኳ ረዳት ይፈልጋል።»

ቲዮንጌ አልሳቀችም። ተንበርክካ የሟቹን ሸሚዝ ደረት ኪስ በጣቷ ገለጥ አደረገች። መነጽራቸው በወጉ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ጭረት እንኳ የለበትም።

«ያለ መነጽር ማንበብ ይችሉ ነበር?» ብላ ወደ በሩ ዞረች።

በሩ ላይ የቆሙት ሬሳውን ያገኙት ባምቦ ሃርቪ ንታባ ነበሩ። ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር ናቸው፤ ማክሰኞና ሐሙስ ንባብ ቤቱን በነጻ የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው። ያን ቀንም ሐሙስ ነበር።

«የገዛ ስማቸውንም አያነቡ» አሉ ንታባ። ከዚያ መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ሠላሳ ዓመት ገበጣ ተጫውተናል፣ አማዪ፣ እመቤቴ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ጠጠር አልሰረቁኝም።»

«ደሙ ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ የደረቀ ነው። ትናንት ንባብ ቤቱ ዝግ አልነበረም?»

«ዝግ ነበር። ቁልፍ ያለን ግን ሁለታችን ብቻ ነን። ለዚያ ለመዝገበ ዕውቀታቸው አሮጌ ጋዜጣ ሊፈልጉ ገብተው ይሆናል።»

«ለየትኛው መዝገበ ዕውቀት?»

«በኢንተርኔት ላለው ነዋ! ማንም ሰው ገብቶ የሚጽፍበት። የኩዋላ የሕግ ክሊኒክን ታሪክ የያዘውን ገጽ የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ። አንዱ ሲያበላሸው ያስተካክላሉ፤ ምንጭ የሌለውን ያወጣሉ። እንደ ግቢያቸው በየጠዋቱ ይጠርጉት ነበር።»

ቲዮንጌ ሳጅኑን ወደ ውጭ ይዛው ወጣች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «መሰላል ላይ ወጥቶ የጋዜጣ ጥራዝ የሚያገላብጥ ሰው መነጽሩን አጣጥፎ ኪሱ ይከታል?» አለችው።

ጋንዛኒ ኮፍያውን መልሶ አደረገ።

*

የኩዋላ ክሊኒክ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነው። የሕግ ተማሪዎች በስህተት የታሰሩ ሰዎችን መዝገብ እንደ አዲስ እያገላበጡ ይሠሩበታል። ኃላፊው ዶክተር ሉሱንጉ ጎንድዌ የካቾምባን ሞት ሲሰማ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ ገፋ አደረገው።

«መጨረሻ ያልኳቸውን ታውቂያለሽ?» አለ። «"ግትር ሽማግሌ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁባቸው።»

«ምን አጣላችሁ?»

«ቁጥር። ዘጠኝ ሰው ነጻ አውጥተናል ብዬ ገጹ ላይ አስጻፍኩ። እሳቸው ስድስት ብለው መለሱት። "ሦስቱ የወጡት በምሕረት ነው፤ ፍርድ ቤት ንጹሕ ናቸው አላለም" አሉኝ። ልክ ነበሩ። እኔ ደግሞ ልክ መሆናቸው ነው ያናደደኝ።»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ብላንታየር፣ ችሎት ላይ። አሥራ ሁለት ተማሪ አብሮኝ ነበር። ጠይቂያቸው።»

ቲዮንጌ ስሞቹን ጻፈች። «ሌላ የሚጣላቸው ሰው ነበር?»

ጎንድዌ ኮምፒውተሩን አዞረላት። ገጹ እያንዳንዱን ለውጥ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ይመዘግባል፤ የተሰረዘውም አይጠፋም። ወደ ታች ወርዶ አንድ አንቀጽ ላይ ቆመ። አንቀጹ የሚናገረው ክሊኒኩ መጀመሪያ ነጻ ስላወጣው ስለ ጆናቲ ማካታ ነበር። ጆናቲ የሆቴል ልብስ አጣቢ የነበረችውን ኤስናት ጃሌን ገድለሃል ተብሎ አሥራ አንድ ዓመት ታስሯል። የተፈረደበትም ፖሊስ ደብድቦ ባስፈረመው የእምነት ቃል ነው።

«የድሮው ጋዜጣ "ከመጠጥ ቤት ሰክራ ስትመለስ ተገደለች" ብሎ ጽፏል» አለ ጎንድዌ። «ገጹም እንዲያ ይል ነበር። ባለፈው ወር አንድ ስሙን ያልገለጸ ሰው ይህን አጠፋና በቦታው ሌላ ጻፈ። አንብቢው።»

ቲዮንጌ አነበበች። «መጠጥ ቤት አልገባችም። ዝናብ ስለያዛት ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ በአሮጌው ጸሎት ቤት በረንዳ ላይ ተጠልላ ነበር።»

«ካቾምባ "ምንጭ የለውም" ብለው አወጡት። ሰውየው በሳምንቱ መልሶ አስገባው። አወጡት። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ አስገባ። ያን ጊዜ በውይይት ገጹ ላይ እንዲህ ሲሉ ጻፉለት፤ "ወዳጄ፣ ጋዜጣው ተሳስቶ ይሆናል። ግን ይህን ማን አየ? ከየት አወቁት?"»

«መለሰላቸው?»

«በዚያው ከሰዓት፣ በአንድ መስመር። "አንዳንድ እውነት ምንጭ አያስፈልገውም" ይላል።»

ጎንድዌ ከኮምፒውተሩ ወደ እሷ ዞረ። «ኢንስፔክተር፣ መዝገቡን በቃሌ አውቀዋለሁ። ኤስናት ከሆቴሉ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣች። ሁለት ሰዓት ላይ መንገድ ዳር ሞታ ተገኘች። በመሃል ያሉትን ሦስት ሰዓታት ፖሊስም፣ ቤተሰቧም፣ እኛም አናውቃቸውም። ባዶ ናቸው። ይህን የጻፈ ሰው...»

«አብሯት ነበር» አለች ቲዮንጌ።

ገጹ የጸሐፊውን ስም ባይዝም የተጻፈበትን ቦታ አድራሻ ይዟል። ጎንድዌ አድራሻውን ከዚህ በፊት አይቶታል፤ የራሱ ተማሪዎችም ከዚያው ይጽፋሉ። የንባብ ቤቱ ኮምፒውተር ነበር።

*

የጎብኚዎች መዝገብ የሚቀመጠው በንባብ ቤቱ መግቢያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ለውጦቹ የተደረጉት በሦስት ተከታታይ ማክሰኞዎች፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነበር። ቲዮንጌ ሦስቱን ገጾች ጣቷን እያስኬደች ተመለከተች። በሁለቱ ላይ የቺሳሌ ስም አለ። በሦስቱም ላይ የጆናቲ ማካታ ስም አለ።

ጣቷ የመጀመሪያው ስም ላይ ቆመ። ጡረተኛው ሱፐርኢንቴንደንት ቺሳሌ ሥራውን ያስተማሯት ሰው ናቸው። የጆናቲን የእምነት ቃል ያስፈረሙትም እሳቸው ናቸው።

ቤታቸው ሄደች። በረንዳቸው ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበው ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ፊትሽ የመጣሽበትን ይናገራል» አሉ። «ስለ ካቾምባ ነው።»

«ያን ገጽ ያውቁታል?»

«ስሜ አለበትኮ! "ቺሳሌ የተባለ መርማሪ ደበደበው" ይላል። የልጅ ልጄ አነበበችው። ካቾምባን አጥፉልኝ ብዬ ለመንኳቸው። "ውሸት ከሆነ ማስረጃ ያምጡ፣ ዛሬውኑ አወጣዋለሁ" አሉኝ።»

«አመጡ?»

«ከየት?» ሽማግሌው ወደ ጭጋጉ ተመለከቱ። «እውነት ነው እኮ።»

ቺሳሌ በግራ እጃቸው ብርድ ልብሱን ገለጡት። ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ወድቋል። ባለፈው ዓመት የመታቸው በሽታ ነው።

«በዚህ እጅ ሰው አልገድልም፤ የምትጠይቂኝ እሱን ከሆነ። ንባብ ቤት ጋዜጣ ላይ ዓይኔን ጥዬ እመለሳለሁ። እዚያ ማሽን ላይ ማን እንደሚቀመጥ አላይም።» ጎንበስ አሉ። «ስሚኝ። ያኔ አለቃዬ "እስከ ዓርብ ሰው አምጣ" አለኝ። የቀረበኝን ሰው አመጣሁ። ክፉ ሆኜ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። አንቺም መፍራትሽ አይቀርም።»

*

የጣቢያው አዛዥ መዝገቡን ሲያይ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «ሦስት ጊዜ! በሦስቱም ማክሰኞ ጆናቲ ማካታ! ንጹሑ ሰውዬ በገዛ እጁ ተናዘዘልን። ሽማግሌው ደረሱበት፣ ገደላቸው። ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ጌታዬ፣ አንድ ሁለት ነገር ላጣራ...»

«ዛሬ አምጪው። ሬዲዮው ሁሉ ስለ ሟቹ ነው የሚያወራው። ነገ ጠዋት ሰው እፈልጋለሁ።»

ቲዮንጌ ወደ ጆናቲ ቤት ስትሄድ የፈራችው አዛዡን ብቻ አልነበረም። ሌላ ከዚያ የከፋ ፍርሃት ነበር። ክሊኒኩ ነፍሰ ገዳይ ፈትቶ ቢሆንስ? ስድስቱስ ስድስት ባይሆኑ?

ጆናቲ ማካታ ከገበያው ጀርባ በጡብ ቤት ይኖራል። በሩን የከፈተው ሳይንኳኳ ነው። ትከሻው ላይ ቦርሳ አንጠልጥሏል።

«ወዴት ልትሸሽ ነበር?» አለ ጋንዛኒ።

«የትም። ሳሙና፣ ብርድ ልብስና የሳል መድኃኒቴ ነው። ከእስር ከወጣሁ ጀምሮ ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ ነው የሚያድረው።» ጆናቲ እጆቹን ሳይጠየቅ ወደፊት ዘረጋ። «ባምቦ ካቾምባ ሞቱ ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ጠበቅኋችሁ።»

ሚስቱ ሬና ከምድጃው አጠገብ ቆማ ነበር። የንሲማ፣ የበቆሎ ገንፎ ማማሰያውን እንደያዘች ነው።

ጣቢያ ሲደርሱ ጆናቲ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «አማዪ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። መጀመሪያ ትጠይቂኛለሽ ወይስ መጀመሪያ ትመቱኛላችሁ?»

«ማንም አይመታህም።»

«እሺ» አለ፤ እንዳላመናት ግን ዓይኑ ይናገራል።

«ንባብ ቤት ማክሰኞ ማክሰኞ ምን ትሠራለህ?»

«ማንበብ እማር ነበር። ባምቦ ካቾምባ ናቸው የሚያስተምሩኝ። የልጆች መጽሐፍ ነው፤ ስለ ጥንቸል። አሁን ገጽ ዘጠኝ ላይ ነኝ።»

«ኮምፒውተሩንስ ትነካለህ?»

«እኔ? ብሰብረውስ ማን ይከፍለዋል?»

«ኤስናት የሞተች ቀን ዝናብ ነበር?»

«ያኔም ይህን ጠይቀውኛል። "ነበር" ስል "አይተሃታል" አሉኝ። "አልነበረም" ስል "ዋሸህ" አሉኝ። ስለዚህ አሁን አልመልስም።»

ቲዮንጌ የእስር ወረቀቱን ፈረመች። የቀረባትን ሰው ነበር ያመጣችው።

*

በማግስቱ ጠዋት ሬና የጣቢያው አጥር ሥር ቆማ ጠበቀቻት። ካፊያው ከራስ ጥምጥሟ ላይ እየተንጠባጠበ ነው።

«ጆናቲ ስለ የትኞቹ ቀናት እንደተጠየቀ ሳጅኑ ነገረኝ» አለች። ከደረቷ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ካርድ አወጣች። «ይህ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ንባብ ቤት አልሄደም። የሳንባ ሐኪም ዘንድ ወረፋ ስንጠብቅ ነው የዋልነው። ማኅተሙ አለ። ሰዓቱም አለ።»

ማኅተሙ ግልጽ ነበር። ጆናቲ መድኃኒቱን የተቀበለው ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ነው። በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ አንድ ሰው በንባብ ቤቱ ኮምፒውተር «አንዳንድ እውነት ምንጭ አያስፈልገውም» ብሎ ጽፏል።

ቲዮንጌ የጎብኚዎቹን መዝገብ መስኮት አጠገብ አድርጋ ከፈተችው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ማክሰኞዎች የጆናቲ ስም ፊደሉ ትልልቅ፣ ጠማማ፣ ወረቀቱን ሊቀድ የደረሰ ነው። በሦስተኛው ማክሰኞ ስሙ ቀጥ ያለ፣ የተመጣጠነ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ለልጆች የተጻፈ የሚመስል ነበር፤ የሌላ ሰው እጅ ነው።

«ጋንዛኒ፣ እንግዳ ሲመጣ ይህን መዝገብ የሚያቀርብለት ማን ነው?»

«ንታባ ናቸው። ማክሰኞና ሐሙስ።»

«የሳቸው ስም ታዲያ የታለ?»

ሳጅኑ ገጾቹን አገላበጠ። «የለም። ምን ያስፈልጋቸዋል? የሚያስፈርሙት እሳቸው አይደሉ...» አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

«ረቡዕ ከሰዓት የት ነበርኩ ነው ያሉት?»

«በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ። ቃለ ጉባኤውን አይቼዋለሁ፤ ስማቸው ከተገኙት መጀመሪያ ላይ ነው ያለው።» ጋንዛኒ በእጁ ግንባሩን መታ። «ቃለ ጉባኤውን የሚጽፉትም እሳቸው ናቸው! ጸሐፊው እሳቸው ናቸው!»

የፓስተሩን ሚስት ፍለጋ ሄዱ። ሴትዮዋ የጉባኤውን ሻይ ያፈላች ናት። «ባምቦ ንታባ? መጥተው ነበር፣ ግን ሻዩ ካለቀ በኋላ። "መምህር፣ ልጆች ሲያረፍዱ ይገርፉ አልነበር?" ብዬ ቀለድኩባቸው። አልሳቁም። እጅጌያቸው ረጥቦ ነበር። ታጥበው የመጡ ነው የሚመስሉት።»

*

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ ወደ ከተማው ይበልጥ ወርዶ ነበር። ቲዮንጌ ጋንዛኒን በንባብ ቤቱ የኋላ መስኮት በኩል እንዲቆም ነገረችው። «ስጠራህ ግባ» አለችው። ሁለት እርምጃ ከራቀ በኋላ አላየችውም።

ንታባ ብቻቸውን ነበሩ። የወደቁትን የጋዜጣ ጥራዞች በየዓመታቸው እየደረደሩ ነው።

«ጆናቲን እንደያዛችሁት ሰማሁ» አሉ። «አሳዛኝ ነው። ካቾምባ እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩት።»

«እኔም ስለ እሱ ነው የመጣሁት። ለክሱ የሚሆን ጽሑፍ አርቅቄ ነበር። እርስዎ መምህር ነዎት፤ ስህተት ካለው ይንገሩኝ።» ወረቀት አወጣችና ማንበብ ጀመረች። «"ሟች ኤስናት ጃሌ፣ የመጠጥ ቤት ሴት፣ በዕለቱ ከወንዶች ጋር ስትጠጣ ውላ..."»

«ልብስ አጣቢ» አሉ ንታባ።

«መዝገቡ ላይ እንዲህ ነው ያለው። "...ሰክራ ራሷን መቆጣጠር አቅቷት..."»

«አልሰከረችም።»

«ጋዜጣው ሰክራለች ይላል።»

«ጋዜጣው ውሸቱን ነው!» ጥራዙ ከእጃቸው ወደቀ። «በሕይወቷ አንድ ብርጭቆ አልቀመሰችም! መዝሙር ነበር የምታንጎራጉረው፣ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ። ያን...» ቆሙ።

የሁለቱም ትንፋሽ በብርዱ ውስጥ ይታይ ነበር።

«የቱን መዝሙር ነበር?» አለች ቲዮንጌ ቀስ ብላ።

ንታባ ወደ በሩ ሄደው ዘጉት። ከበሩ ጎን የቆመውን የብረት መወርወሪያ አንስተው በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ግን በሩ ላይ አላደረጉትም። ቲዮንጌ ርዝመቱን አየች፣ ክብደቱን አየች። ካቾምባ የሞቱበትን ዕቃ ሁለት ቀን ሙሉ ስትፈልገው ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ በአጠገቡ ስታልፍ ነበር። ሳጅኑን ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ ንታባ ግን ቀደሟት።

«ሚስት ነበረኝ» አሉ ንታባ። «ትምህርት ቤት ነበረኝ። ኤስናት ልጅ መፀነሷን ነገረችኝ፤ በዚያ በረንዳ ላይ። አለቀሰች። ከመዝሙር ልምምድ የሚመለሱ ሰዎች በመንገዱ እያለፉ ነበር። ዝም በዪ አልኳት። አፏን ያዝኩ። ዝም በዪ፣ ዝም በዪ አልኳት... ዝም አለች።»

«ጆናቲ አሥራ አንድ ዓመት ታሰረ።»

«መንገድ ዳር ትቻት ሄድኩ። ማንም እኔን አልጠየቀኝም። አንድም ሰው መጥቶ "ሃርቪ፣ አንተ ታውቃት ነበር?" አላለኝም። ቢጠይቁኝ...» ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ከዚያ ካቾምባ ያን ገጽ አሳዩኝ። ሰካራም ተብላ ለዓለም ሁሉ ተጽፋለች። አልቻልኩም። እሷን አውቃታለሁ። እንደዚያ ተብላ መቅረት አልነበረባትም።»

«ካቾምባ ደረሱበት።»

«ረቡዕ እዚሁ ተቀምጠን ነበር። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ከወዳጅ ጋር ሲጨዋወቱ ያወልቁታል። "ሃርቪ፣ ጽሑፉን አንተ እንደጻፍከው አውቃለሁ፤ አጻጻፍህን አላጣውም። ከማን እንደሰማኸው ብቻ ንገረኝና ምንጩን አብረን እንፈልግ" አሉኝ። ሌላ ሰው የነገረኝ መስሏቸው ነበር። እኔን አልጠረጠሩም። ዝም ስል ግን ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ተነሥተው ወደ ጋዜጦቹ ዞሩ።»

ብረቱን ከፍ አደረጉት።

«ያን ጠዋት ገጹን ከፍተህ አይተኸዋል?» አለች ቲዮንጌ። «እርስዎ» ማለት ከአፏ ጠፍቶ ነበር። «ካቾምባ ረቡዕ ጠዋት በሦስት ሰዓት የመጠጥ ቤቱን ዓረፍተ ነገር አውጥተውታል። ጋዜጣው "ተባለ" ብቻ ነው የሚለው፤ ያየ ሰው አልጠቀሰም፤ ስለዚህ ምንጭ አይሆንም ብለው ጽፈዋል። አንተ ስትመታቸው ስሟ ነጽቶ ነበር። ሊነግሩህ ነው የመጡት።»

ንታባ ብረቱን እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ ካቾምባ በወደቁበት ሲሚንቶ ላይ ተቀመጡ። ብረቱ ከእጃቸው ወጥቶ ሲንከባለል ድምፁ ግድግዳውን አናወጠው።

ጋንዛኒ የኋላውን በር በርግዶ ገባ። «ተነሥ፣ አንተ!» አለ። በዚያ ከተማ ርእሰ መምህሩን «አንተ» ብሎ የጠራ የመጀመሪያው ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ እሱንም ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ነበሩ።

*

የንታባን ቃል መቀበልና ማስፈረም እስከ ቅዳሜ ጠዋት ወሰደ። ቲዮንጌ በእጇ ሳትነካቸው፣ በየገጹ መልሳ እያነበበችላቸው፣ ያላሉትን እያስወጣች ነው የጨረሰችው። አዛዡ ወረቀቱን አይቶ «በይ ያንን ሰውዬ ልቀቂው» አለና ወደ ስልኩ ዞረ።

የማረፊያ ቤቱን በር ራሷ ከፈተችው። ጆናቲ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። የት ለመውሰድ እንደመጣች አላወቀም፤ ትከሻው ተሰብስቧል።

«ጨርሰናል፣ ጆናቲ። ካቾምባን የገደለውን ሰው ይዘናል። ኤስናትንም የገደለው እሱ ነው። ሂድ፣ ሬና ውጭ እየጠበቀችህ ነው።»

አልተንቀሳቀሰም። «ወረቀት አለው?»

«ምን ወረቀት?»

«ባለፈው ጊዜ ስለቀቅ ዝም ብለው በሩን ከፈቱልኝ። ሰፈሬ ስገባ "አምልጠህ ነው?" አሉኝ። ባምቦ ካቾምባ ናቸው እዚያ ገጽ ላይ የጻፉልኝ። አሁን እሳቸው የሉም። በእጄ የሚያዝ ነገር ስጪኝ።»

ቲዮንጌ ቢሮዋ አስቀመጠችው። እንዲህ ያለ ቅጽ በጣቢያው አልነበረም፤ ስለዚህ በባዶ ወረቀት ላይ በእጇ ጻፈችው። ለጆናቲ እንዲገባው በሀገሩ ቋንቋ፣ ፊደሉን ትልልቅ አድርጋ። ሬናም ገብታ ከኋላው ቆመች።

ጆናቲ ወረቀቱን ተቀብሎ ጣቱን ከመጀመሪያው ቃል ሥር አደረገ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እዚህ ጋ ስህተት አለ።»

«የቱ ጋ?»

«"ከዓርብ ጀምሮ ታስሮ" ይላል። የመጣችሁት ሐሙስ ነው።»

«በመዝገብ የገባኸው ዓርብ ጠዋት ስለሆነ ነው...» ብላ ጀመረችና አቋረጠች። እስክሪብቶዋን አነሣች። ዓርብ የሚለውን ሰርዛ ሐሙስ ብላ ጻፈች፤ ከጎኑም ፈረመችበት፤ ስሟን በሙሉ፣ ማዕረጓን፣ ቀኑን።

ጆናቲ መልሶ ከመጀመሪያው ጀመረ። አሁን ድምፁን አውጥቶ ነው። በየቃሉ ላይ እየተንገዳገደ፣ አንዳንዱን ሁለቴ እየሞከረ አነበበ። «ጆናቲ... ማካታ... ያለ ጥፋቱ...» ኮሪደሩ ላይ የሚያልፉ ፖሊሶች አንድ በአንድ ቆሙ። አዛዡ ቢሮ ውስጥ ስልክ ይጮኻል፤ የሚያነሣው አልነበረም። «...ምንም... ወንጀል... አልሠራም።»

ሬና እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች።

«ድገመው» አለችው።